«ዩኒየኑ አልላከልንም» ለተባለው የማዳበሪያ ገንዘብ

ጥያቄ፦ ከደምቢያ ወረዳ ነኝ፤ የመሠረታዊ ኅብረት ሥራ ማኅበር አባል ነኝ። ግንቦት ላይ የአንድ ኩንታል ኤንፒኤስና የአንድ ኩንታል ዩሪያ ዋጋ ሙሉውን ከፈልኩ። ኤንፒኤሱ ለዘር ደረሰልኝ፣ ዩሪያው ቀረ። ጤፉ አሁን ዘለላ አውጥቷል፣ ግን ቢጫ ነው። ኮሚቴው «ዩኒየኑ (የማኅበራቱ ኅብረት) አልላከልንም፣ ለከርሞ ይያዝልህ» ይለኛል። ገንዘቤንና የምርቴን ካሳ ማግኘት እችላለሁ?

መልስ፦ ገንዘብዎን ማስመለስ ይችላሉ። ውል ያለዎት ደረሰኝ ከቆረጠልዎ ማኅበር ጋር ነው። ማኅበሩ ተመዝግቦ የራሱ ሕጋዊ ሰውነት ስላለው ዩኒየኑ ካጎደለበት እሱ ራሱ ይጠይቀው። «ለከርሞ» የሚለው እርስዎ ካልተስማሙ አይጸናም። ቢስማሙም ዋጋው ስለሚለወጥ «በተከፈለው ዋጋ» የሚል ማኅተም ያለበት ጽሑፍ ይቀበሉ።

ካሳው ይከብዳል። በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1791 ውሉን ያልፈጸመ ወገን ጥፋት ባይኖርበትም ይከፍላል፤ ነፃ የሚያወጣው ከዐቅም በላይ የሆነ ኃይል ነው። ኮሚቴው ይህንኑ ማንሣቱ አይቀርም፤ የማስረዳት ሸክሙ ግን የእሱ ነው። ስለዚህ የመጋዘኑን ገቢና ወጪ መዝገብ እንዲሁም ዩሪያ የወሰዱትን ሰዎች ዝርዝር በጽሑፍ ይጠይቁ። ዩሪያ ገብቶ ከእርስዎ በኋላ ለከፈለ ሰው ተሰጥቶ ከተገኘ መከላከያው ይወድቃል። ብዙ ክርክር የሚያልቀው እዚህ ዝርዝር ላይ ነው።

ጤፉ ሳይታጨድ የቀበሌውን የግብርና ባለሙያ ማሳው ላይ ይውሰዱ። ሰብሉን በተመሳሳይ አፈርና ዘር ከተዘራ፣ ዩሪያ ካገኘ የጎረቤት ማሳ ጋር አነጻጽሮ ቀን ያለበት ቃለ ጉባኤ ይያዝ፤ ፎቶም ያንሡ። ከተወቃ በኋላ «ምርቴ ቀነሰ» ማለት ባዶ ቃል ሆኖ ይቀራል። በቁጥር 1802 ጉዳቱን ለመቀነስ ምን እንዳደረጉም ይጠየቃሉ፤ ፍግ ወይም ኮምፖስት ጨምረው ከሆነ ይመዝገብ። ያለ ደረሰኝ ከጥቁር ገበያ የገዙት ዩሪያ ግን ሊወረስ ይችላል፣ ወጪውንም ማስረዳት ያቅትዎታል።

ከዚያ ለማኅበሩ ማስጠንቀቂያ በሁለት ቅጂ ይጻፉ። የከፈሉትን ገንዘብ፣ የደረሰኝ ቁጥርና የመክፈያ ቀነ ገደብ ይግለጹ፤ በአንዱ ቅጂ ላይ ፊርማ፣ ማኅተምና ቀን ያስደርጉ። አልቀበልም ካሉ በሁለት ምስክር ፊት ይስጡ። የከሳሽነትዎ መሠረት ይህ ወረቀት ነው።

በቀጥታ ወደ ወረዳ ፍርድ ቤት አይሂዱ። እርስዎ አባል ስለሆኑ በኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 985/2009 መሠረት ጉዳዩ በቅድሚያ በዕርቅ፣ ካልሆነ በሽምግልና ዳኝነት ይታያል። ይህን ከዘለሉ መዝገቡ ማኅበሩ በሚያነሣው መቃወሚያ ሊዘጋብዎት ይችላል። በሽማግሌዎቹ ውሳኔ ቅር ካሉ ለፍርድ ቤት ይግባኝ ይላሉ። ለወረዳው የኅብረት ሥራ ጽሕፈት ቤት የሒሳብ ምርመራ መጠየቅም ይችላሉ፤ ይህ ግን ክርክሩን አይተካም።

ክሱ በኮሚቴው አባላት ላይ ሳይሆን በማኅበሩ ላይ ይሁን። ገንዘቡ ከካዝና ጠፍቶ ከሆነ ግን ለፖሊስ የሚቀርብ የወንጀል ጉዳይ ነው። አቤቱታ የሚጽፍልዎ ከሌለ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል። ሲጠይቁ ዋናው ገንዘብ ላይ ከማስጠንቀቂያው ቀን ጀምሮ የሚታሰበውን 9 በመቶ ሕጋዊ ወለድ መጨመር አይርሱ።