«ሚማአማኪም»ን በአማርኛ ጆሮ፦ ጥያቄና መልስ

በ2005 (እ.ኤ.አ.) ስለወጣው የሙዚቀኛው ኢዳን ራይኸል ሁለተኛ አልበም፣ ስለ «ሚማአማኪም»፣ ጠይቁኝ ብዬ ነበር። ጥያቄው ጎረፈ። እነሆ መልሴ።

ጥያቄ፦ ሰውዬው ሐበሻ ነው እንዴ? አማርኛ ሰምቼበት ነው።

አይደለም። በ1977 ክፋር ሳባ የተወለደ እስራኤላዊ ነው። በልጅነቱ አኮርዲዮን ይጫወት ነበር። ከውትድርና በኋላ ወደ እስራኤል አዲስ የገቡ ወጣቶች በሚማሩበት አዳሪ ትምህርት ቤት መካሪ ሆኖ ሠራ። የኛ ልጆች ካሴት ጆሮው የገባው እዚያ ነው። ማሕሙድ አሕመድን፣ አስቴር አወቀን፣ ጂጂን ሰማ። የመጀመሪያው አልበሙ በ2002 ወጣ።

ጥያቄ፦ ሮክ ነው የሚባለው?

የሮክ ጊታር ፈልጋችሁ አትክፈቱት። ዜማው ይቀድማል፤ ኪቦርድና ከበሮ ይከተላሉ።

ጥያቄ፦ ርዕሱ ምን ማለት ነው?

ይህን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር። «ከጥልቅ» ማለት ነው። ዳዊት የደገመ ሰው ያውቀዋል። በግዕዙ 129ኛው፣ በዕብራይስጡ 130ኛው መዝሙር «እምዕመቅ ጸዋዕኩከ እግዚኦ» ብሎ ይጀምራል። እስቲ «ሚማአማኪም» እና «እምዕመቅ» ጮክ ብላችሁ በሉ። ሥሩ አንድ ነው። «እመቀ እመቃት» የምንለውም ከዚያው ነው።

በዚህ ርዕስ የሚጠራው ዘፈን ግን የፍቅር ነው። ዳዊት የጠራው እግዚአብሔርን ነው። ራይኸል «ኤላይኽ» ይላል፤ «ወደ አንቺ»። «አንተ» የነበረው «አንቺ» ሆነ። ዕብራይስጥም እንደ አማርኛ ሴትና ወንድ ስለሚለይ ነገሩ ለእኛ ወዲያው ይገባናል። ከዚያ «ቦኢ ኤላይ» ይላል፤ «ወደ እኔ ነይ»። እዚያው ዘፈን ውስጥ ደግሞ «ናኑ ናኑ ነይ» የሚል አማርኛ ይመጣል። በሁለት ቋንቋ አንድ ልመና ነው።

እስራኤል፣ ናታኒያ ከተማ ያለችው አክስቴ ዕብራይስጥ ብዙም አይገባትም። ሲኒ እያጠበች ነበር፣ ሬዲዮው ይህን ዘፈን አመጣ። ውሃውን ዘጋች። «ማናት ነይ የምትባለው?» አለችኝ። የሰማችው አማርኛውን ብቻ ነው፤ ዘፈኑን ግን በደንብ ተረድታዋለች።

ጥያቄ፦ «ናኑ ናኑ ነይ» የሙሉቀን አይደለም?

ልክ ነህ ወንድሜ። እኛ የምናውቀው በሙሉቀን መለሰ ድምፅ ነው። አክስቴም ውሃውን የዘጋችው ለዚህ ይመስለኛል።

ጥያቄ፦ ሐበሻ ዘፋኞቹን ለማድመቂያ ተጠቀመባቸው የሚሉ አሉ። አንተስ?

ቅሬታው ከባዶ አልመጣም። ሽፋኑ ላይ የሚነበበው የእሱ ስም ነው፤ አማርኛውም ከዕብራይስጡ ጋር ሲተያይ ጥቂት ነው። እኔም ተጨማሪ ስንኝ ብሰማ ደስ ይለኝ ነበር። ግን የዚያን ጊዜውን መድረክ እዩት። እሱ ጥግ ላይ ኪቦርዱ ጋ ይቀመጥ ነበር፣ ዘፋኞቹ ፊት ይቆሙ ነበር። ከእነሱ አንዷ ካብራ ካሳይ ነበረች። ቤተሰቦቿ ወደ እስራኤል ሲጓዙ ሱዳን ውስጥ፣ የስደተኞች ካምፕ የተወለደች። ቶመር ሄይማን በ2007 በሠራው ዘጋቢ ፊልም ቡድኑ ኢትዮጵያ ድረስ ሲሄድ ታዩታላችሁ።

ደግሞ ጊዜውን አስቡት። በሰፈራችን አውቶቡስ ላይ እናቱ በአማርኛ ስትጠራው በዕብራይስጥ የሚመልስ ልጅ ብዙ ነበር። ያው ልጅ አማርኛ በሬዲዮ ሲሰማ ድምፁን ከፍ ያደርግ ጀመር። ይህን በዓይኔ አይቻለሁ፤ ስለዚህ አልበሙን ቀለል አድርጌ ማየት አልችልም።

ጥያቄ፦ አልበሙ ላይ አንዲት አሮጊት ድምፅ አለች። ማን ናት?

ሾሻና ዳማሪ! የመን፣ ዳማር የተወለደች፣ ገና ሕፃን ሳለች የመጣች የዕብራይስጥ ዘፈን ንግሥት። እዚህ አልበም ላይ ስትዘፍን ከ80 ዓመት በላይ ነበረች። በየካቲት 2006 (እ.ኤ.አ.) አረፈች። ድምፅዋ ወፍራም ነው፣ ከደረት ይወጣል፣ «ዐ» እና «ሐ»ን በየመኖች ወግ ከጉሮሮ ታወጣለች። ማታ፣ ቤቱ ጸጥ ሲል ስሟት።