የዩኒቨርሲቲ አካዳሚክ አድቫይዘርነትና ስልጠናው፡ የጠየቃችሁኝና የመለስኩላችሁ

ሰላም ናችሁ። በመንግስት ዩኒቨርሲቲ አስተምራለሁ፣ በዲፓርትመንታችን ደግሞ አዳዲስ መምህራን አድቫይዘር (የተማሪ የትምህርት አማካሪ) ሲሆኑ የሚሰጣቸውን ስልጠና አስተባብራለሁ። በዚህ ጉዳይ ያላችሁን ጠይቁኝ ብዬ ነበር፣ ብዙ ስለመጣ የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ እያደረግኩ ልመልስ።

ጥያቄ፦ ቲቸር ሰላም ነው? እኔ ዘንድሮ ነው የተቀጠርኩት፣ ገና ክላስ ሳልለምድ የተማሪ ሊስት ሰጥተውኝ አድቫይዘራቸው አንተ ነህ አሉኝ። ስልጠና የሚባል ነገር የለም። ከየት ልጀምር?

መልስ፦ እንኳን ደህና መጣህ። መጀመሪያ የዩኒቨርሲቲያችሁን ሴኔት ሌጂስሌሽን (የውስጥ ደንቡን) አውጣና ስለ አካዳሚክ ስታተስ፣ ስለ አድ ኤንድ ድሮፕ (ኮርስ መጨመርና መተው)፣ ስለ ዊዝድሮዋልና ሪአድሚሽን (ትምህርት ማቋረጥና ተመልሶ መግባት) የሚለውን ክፍል ብቻ ቁጭ ብለህ አንብብ። ሌላውን ተወው ለጊዜው። ከዛ ካሪኩለሙን ይዘህ የትኛው ኮርስ ለየትኛው ፕሪሪኩዚት (ቀድሞ መወሰድ ያለበት) እንደሆነ በወረቀት ላይ በቀስት አገናኘው፣ ምክንያቱም አንድ ተማሪ የሁለተኛ ዓመት አንድ ኮርስ ሲወድቅ አራተኛ ዓመት ላይ ምን እንደሚዘጋበት ካላየህ ምንም ልትነግረው አትችልም።

ሶስተኛው የግሬድ ሂሳብ ነው፣ ይሄ ቀላል ይመስላል ግን ብዙ መምህር አይሰራውም። ምሳሌ ልስጥህ። ልጁ አንደኛ ሴሚስተር 30 ኢሲቲኤስ (የኮርስ ክብደት መለኪያ ነው) ወስዶ 1.70 አመጣ እንበል፣ 51 ግሬድ ፖይንት አለው ማለት ነው። ሁለተኛው ሴሚስተር ላይ ሌላ 30 ቢወስድ ኩሙላቲቩ (የሁለቱ ሴሚስተር ድምር አማካይ) 2.00 እንዲሆን 120 ያስፈልገዋል፣ ስለዚህ 69 ይቀረዋል፣ ለ30 ስታካፍለው 2.30። አሁን ይሄን ወደ ኮርስ ቀይርለት፣ ከ30ው በ18ቱ ሲ ፕላስ (2.5) በ12ቱ ሲ (2) ካመጣ ልክ 69 ይሞላል። ዋርኒንግ (የዝቅተኛ ውጤት ማስጠንቀቂያ) ያገኘ ልጅ ኤ መደርደር ያለበት እየመሰለው ነው ተስፋ የሚቆርጠው። ቁጥሩን አብረኸው ስትሰራ ፊቱ ይለወጣል፣ በርታ ብለህ ከምትልከው በጣም ይሻላል።

ጥያቄ፦ እኔ ኤችዲፒ (ሃየር ዲፕሎማ ፕሮግራም፣ የመምህራን የማስተማር ስልጠናውን) ጨርሻለሁ፣ እሱ አይበቃም እንዴ?

መልስ፦ ኤችዲፒ ጥሩ ነው፣ ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በየዩኒቨርሲቲው ብዙ መምህር ያለፈበት ነው። ግን ዋናው ትኩረቱ ማስተማር፣ ምዘናና አክሽን ሪሰርች ላይ ነው፣ አንድ ለአንድ ተማሪ ማማከር ራሱን የቻለ ችሎታ ስለሆነ ተጨማሪ ስልጠና ያስፈልገዋል። ከኤችዲፒ የሚጠቅምህ የሰራኸውን ነገር መልሰህ የማየት ልምዱ ነው፣ እሱን ወደ አድቫይዚንግ አምጣው።

ጥያቄ፦ እኛ ጋ ስልጠና ሲባል ሁለት ቀን አዳራሽ ቁጭ ብሎ ፓወርፖይንት ማየት፣ ሰርተፊኬት መውሰድ ነው፣ ሲመለሱ ሁሉም እንደነበረው ነው። ያንተ ስልጠና በምን ይለያል?

መልስ፦ በዚህ ጥያቄ ላይ ረዘም ልበል፣ ምክንያቱም ለኔ ዋናው ጉዳይ ይሄ ነው። የአድቫይዘር ስልጠና አብዛኛውን ጊዜ ደንብና ፎርም ያስተምራል፣ ተማሪው በር አንኳኩቶ ሲገባ ምን እንደምትለው ግን ማንም አያለማምድህም። እኛ አሁን የምናደርገው እንዲህ ነው። ስሙና አይዲው የጠፋ ግሬድ ሪፖርት እናመጣለን፣ ሁለት መምህር ፊት ለፊት ይቀመጣሉ፣ አንዱ ተማሪ አንዱ አድቫይዘር ሆኖ አስር ደቂቃ ያወራሉ፣ ሌሎቻችን ዝም ብለን እናያለን። ከዛ የምንነጋገረው ስለ አንድ ነገር ብቻ ነው፣ የትኛው ጥያቄ ላይ ልጁ ተከፈተ፣ የትኛው ላይ ተዘጋ።

ሁሌ የሚደጋገመውን ልንገርህ። መምህሩ "ምን ሆነህ ነው እንዲህ ያመጣኸው?" ብሎ ይጀምራል። ልጁ "ምንም ቲቸር፣ ትንሽ አላነበብኩም ነበር፣ አሁን አነባለሁ" ይላል፣ አለቀ፣ ፈርመህ ትሸኘዋለህ። በሁለተኛው ዙር ያው መምህር "እስቲ ባለፈው ሴሚስተር የነበረህን አንድ ሳምንት ንገረኝ፣ ሰኞ ጠዋት ከየት ትነሳለህ?" ሲል ወሬው ሌላ ይሆናል። ዶርም ውስጥ ማታ መተኛት እንዳልቻለ፣ ላብ ሪፖርት እንዴት እንደሚጻፍ አይቶ እንደማያውቅ፣ ወይ ቤተሰብ ጋ ችግር ተፈጥሮ ሶስት ሳምንት ክላስ እንዳልገባ ያኔ ነው የሚወጣው። ከሩቅ ክልል የመጣና አማርኛም እንግሊዝኛም የሚከብደው ልጅ ደግሞ አለ፣ እሱ እስኪናገር ድረስ ዝም ብሎ መጠበቅም ራሱ ልምምድ ይፈልጋል። እኛ መምህራን ዝምታ አንወድም፣ ቶሎ እንሞላዋለን።

ይሄ በሁለት ቀን አይመጣም። በወር አንድ ሰዓት ዓመቱን ሙሉ ቢሆን በዓመት አንዴ ከሚደረግ ትልቅ ስልጠና ይበልጣል ብዬ አምናለሁ።

ጥያቄ፦ ወላጅ ደውሎ የልጄን ውጤት ንገረኝ ሲለኝ ምን ልበል? እምቢ ማለት ይከብዳል፣ የሚልኩት እነሱ ናቸው።

መልስ፦ ከባድ ነው አውቃለሁ፣ አባት ከገጠር ድረስ ብር ተበድሮ እየላከ ነው። ግን በስልክ የሚያወራህ ማን እንደሆነ አታውቅም፣ ልጁም ትልቅ ሰው ነው። በትህትና "አባቴ፣ እሱን ጠርቼ እንዲደውልልዎት እነግረዋለሁ" በል፣ ከዛ የምር ጥራው። ልጁ ፈቅዶ አብራችሁ ብትደውሉ ደግሞ በጣም ጥሩ ነው።

ጥያቄ፦ እህታችሁ ነኝ፣ ሴት መምህር በዲፓርትመንቱ ጥቂት ስለሆንን ሴት ተማሪዎች ሁሉ እኔ ጋ ነው የሚመጡት፣ ሌላ አድቫይዘር ያላቸውም ይመጣሉ። አንዳንዴ የሚነግሩኝ ነገር ከአቅሜ በላይ ነው፣ ቤቴ ሄጄ አልተኛም።

መልስ፦ እህቴ፣ አንቺ የምትሰሪውን ስራ ማንም አይቆጥርልሽም፣ መቆጠር ግን አለበት። ስልጠናው ውስጥ መግባት ያለበት አንድ ትልቅ ነገር ማስተላለፍ ነው፣ ማለትም የት ላይ የኔ ስራ አልቆ የካውንስለሩ፣ የክሊኒኩ ወይ የጀንደር ቢሮው ስራ እንደሚጀምር ማወቅ። ጥቃት ወይም ትንኮሳ ከሆነ፣ ወይ ልጅቷ ራሷን ስለመጉዳት ካነሳች ለብቻሽ አትያዥው። ወረቀት ላይ ቢሮ ቁጥር ጽፎ መስጠት አይበቃም፣ እሷ ከተስማማች አብረሽያት ሂጂ፣ ካውንስለሩን በስም አስተዋውቂያት። የትምህርት ክፍላችሁ ኃላፊ ደግሞ እነዚህን ሰዎች ጠርቶ ለመምህራኑ በአካል ማስተዋወቅ አለበት፣ ስልክ ቁጥራቸውን ይዞ የማያውቅ አድቫይዘር ብዙ ነው። ወንድ መምህራንም ስሙ፣ በር ክፍት አድርጎ ማማከር፣ ከስራ ሰዓት ውጭ ቀጠሮ አለመስጠት ስልጠናው ላይ በግልጽ ይነገር፣ ያሳፍራል ተብሎ የሚታለፍ ነገር አይደለም።

ጥያቄ፦ ኤግዚት ኤግዛም ከመጣ በኋላ የአድቫይዘር ስራ ተቀይሯል?

መልስ፦ አዎ። ከ2015 ጀምሮ ተመራቂ በዚህ የመውጫ ፈተና 50 በመቶ ካላመጣ ዲግሪውን አይወስድም፣ ስለዚህ 2.00 ይዞ መጨረስ ብቻ አይበቃም። አድቫይዘሩ ብሉፕሪንቱን (ፈተናው ከየትኛው ኮርስ እንደሚወጣ የሚያሳየውን ዝርዝር) ማወቅ አለበት፣ የትኛው ኮርስ እዛ ውስጥ እንዳለ ሶስተኛ ዓመት ላይ ለልጁ ያሳየው። በዲ ያለፋቸውን ኮርሶች ለይቶ ከአሁኑ እንዲከልስ ማድረግ። የወደቀውም ድጋሚ መፈተን ስለሚችል ከተመረቀ ጓደኛው ተለይቶ የቀረውን ልጅ ደውላችሁ አግኙት፣ ከሊስታችሁ አታውጡት።

ጥያቄ፦ እኔ ቨርጂኒያ ነኝ፣ እዚህ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ውስጥ አድቫይዘር ሆኜ መስራት እፈልጋለሁ። ሀገር ቤት አስተምሬያለሁ። ምን ይጠቅመኛል?

መልስ፦ እዛ ራሱን የቻለ ሙያ ነው። ናካዳ የሚባል በ1979 እንደ አውሮፓ የተቋቋመ የአድቫይዘሮች ማህበር አለ፣ ጽህፈት ቤቱ ካንሳስ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ነው፣ ዩኒቨርሲቲው በአድቫይዚንግ ሰርተፊኬትም ማስተርስም በኦንላይን ያስተምራል። ማህበሩ የአድቫይዘርን ችሎታ በሶስት ይከፍለዋል፣ ሀሳቡን መረዳት፣ መረጃውን ማወቅ፣ ከሰው ጋር መግባባት። ከማመልከትሽ በፊት ፈርፓ የሚባለውን በ1974 እንደ አውሮፓ የወጣውን የተማሪ መረጃ ህግ አንብቢ፣ ኢንተርቪው ላይ መምጣቱ አይቀርም። ኤፍ ዋን (የውጭ ተማሪ ቪዛ) ያለው ተማሪ ኮርስ ድሮፕ ላድርግ ሲልሽ ደግሞ መጀመሪያ የኢንተርናሽናል ቢሮውን እንዲያናግር ላኪው፣ ከሙሉ ጊዜ በታች ከወረደ ቪዛው ላይ ችግር ይመጣል። አማርኛ መቻልሽን ሲቪሽ ላይ በደንብ ጻፊው፣ እናንተ አካባቢ ሀበሻ ተማሪ ብዙ ነው።

ጥያቄ፦ ዲፓርትመንት ሄድ ነኝ፣ በጀት የለም። መምህሩም ያለ ክፍያ አልመጣም ይላል።

መልስ፦ መምህሩ ላይ አትፍረድ፣ የኮርስ ሎዱ ሞልቶ ሌላ ተጨማሪ ስራ ይዟል። አድቫይዚንግ በሎድ ውስጥ እንዲቆጠር ለኮሌጁ በደብዳቤ ጠይቅ፣ ተቀባይነት ባያገኝ እንኳን በየሴሚስተሩ ጠይቅ። እስከዛው የዲፓርትመንት ስብሰባ የግድ አለ አይደል፣ ከሱ ላይ የመጨረሻዋን ግማሽ ሰዓት ለአንድ ኬዝ ስጣት። የመጀመሪያውን ኬዝ አንተ አምጣ። አድ ኤንድ ድሮፕ ከመጀመሩ በፊት ባለው ሳምንት አድርገው፣ ከሬጅስትራር አንድ ሰው ጋብዝ፣ ስንት ፎርም በስህተት ተፈርሞ እንደሚመለስባቸው ይንገሯችሁ። በሁለተኛው ወር ነባር መምህርና አዲስ መምህር እያጣመርክ መድብ፣ አዲሱ ነባሩ ሲያማክር ተማሪው ፈቅዶ አጠገቡ ይቀመጥ። ለዚህ ብር አያስፈልግም፣ የቢሮ ቁልፍና አንድ ትርፍ ወንበር ይበቃል።