ጫጩቴን የበላችው ጉጉቷ ናት?

ከሀብሩ አንድ ገበሬ በስልክ የላኩልኝ መልእክት እንዲህ ይላል፦

«አሰላሙ አለይኩም። ከእህል ቤቴ ጣራ ሥር ፊቷ ነጭ የሆነ ጉጉት ፈልፍላለች። ልጆቿ ሦስት ናቸው። ሌሊቱን እንደ እባብ ፊሽ ሲሉ ያድራሉ። ዛሬ ጠዋት አንዱ መሬት ላይ ተገኘ፤ መብረር አይችልም። ቅርጫት ደፋሁበት። እንጀራም ማሽላም ሰጠሁት፤ አልበላም አለኝ። ዶሮዬ ደግሞ 11 ጫጩት ነበራት፤ አሁን 5 ቀርቷታል። ውላ በገባች ቁጥር ይጎድላል። ጎረቤቴ ሟርት ነው፣ አውርደህ ጣል ይለኛል። ለአይጡ መርዝ አድርጌ ነበር፤ እሱም አልጠቀመኝ። ምን ይሻላል?»

መልሱን በዚያው ዕለት ልኬላቸዋለሁ። ተመሳሳይ ጥያቄ ስለሚበዛብኝ እዚህም ይኸው።

ወአለይኩም አሰላም ጋሼ። አብሽሩ። ጫጩትዎን የበላችው ጉጉቷ አይደለችም። መልሱን ራስዎ ጽፈውታል፤ «ውላ በገባች ቁጥር ይጎድላል» ብለዋል። የሚጠፋው ቀን ነው ማለት ነው። ጉጉቷ ቀን ተኝታለች። ይህ የጭልፊት ሥራ ነው፤ ማሽላው ታጭዶ ማሳው ሲገላለጥ ጫጩት የሚሸሸግበት የለውም። ሌሊት ቢሆን ኖሮ ሸለምጥማጥን እጠረጥር ነበር። ለተረፉት 5 ከላይ እሾህና ቅርንጫፍ የተጣለበት ጥላ ይሥሩና ጠንከር እስኪሉ ከነእናታቸው እዚያ ያውሏቸው።

ካላመኑኝ ከጎጆዋ በታች መሬቱን ይዩ። ጥቁር፣ አውራ ጣት የሚያህል፣ ትኩሱ ዘይት የተቀባ የሚመስል ድብልብል ነገር ያገኛሉ። ኩስ እንዳይመስልዎት። ጉጉት አይጥን እንዳለ ትውጥና ጠጉሩንና አጥንቱን መልሳ በአፏ ትተፋዋለች። በእንጨት ፈልቅቀው ይዩት። እኔ አንድ ጊዜ ኮምቦልቻ አካባቢ ከአንድ መጋዘን ያነሳሁትን ስፈታው አራት የአይጥ ራስ ቅል ወጣኝ፣ ቢጫ ጥርሳቸው ሳይቀር። የጫጩት ላባ ካገኙበት ተሸንፌያለሁ።

አሁን ወደ ወደቀው ልጅ። ሦስቱ በቁመት እኩል አይደሉም አይደል? እናትየው ዕንቁላሏን በ2 እና በ3 ቀን ልዩነት እየጣለች ከመጀመሪያው ጀምራ ትታቀፋለች። ስለዚህ ታላቅና ታናሽ ሆነው ይፈለፈላሉ። የሚበሩት 50 እና 60 ቀን ገደማ ሲሞላቸው ነው። ጎጆው ግን ከዚያ ቀድሞ ይጠባቸዋል። ሲመሽ ወጋግራው ላይ ይወጣሉ። እንጨቱን በጥፍራቸው ጨብጠው ክንፋቸውን ያርገበግባሉ፤ ገለባና አቧራ ከጣራው ይረግፋል። ራሳቸውን ከፍ ዝቅ፣ ግራ ቀኝ እያደረጉ ርቀት ይለካሉ። በዚህ መሀል አንዱ ሌላውን ይገፋል፤ እግር ይከዳል። የእርስዎም እንዲህ ነው የወደቀው። አልታመመም፤ ቸኩሎ ነው።

ክፋቱ፣ ይህች ነጭ ፊት ጉጉት መሬት የወደቀ ልጇን አትመግብም። የምትሰጠው ጎጆው ላይ ሆኖ ለሚጮኸው ነው። ስለዚህ «እናቱ ታንሳው» ብለው ቢተዉት በረሃብ ይሞታል። ለእሱ እንጀራ መስጠት ደግሞ ለአንበሳ ገለባ እንደማቅረብ ነው። መመለስ ያለበት ወደ ላይ ነው።

ወጪው ከአንድ ገመድ አያልፍም። ያንኑ የደፉበትን ቅርጫት ይውሰዱ። ጠለቅ ያለ ቢሆን ይመረጣል። ግማሹን በገለባ ይሙሉና ከጎጆው ሥር፣ አፉ ጎጆውን ሊነካ ምንም እስኪቀረው አስጠግተው ከወጋግራው ጋር ጥብቅ አድርገው ይሰሩት። ከዚህ በኋላ እግሩ የከዳው መሬት ሳይሆን ቅርጫት ውስጥ ያርፋል፤ እናትየውም አጠገቡ ስለሆነች ትደርስለታለች። ከዚያ ልጁን ባዶ የማዳበሪያ ከረጢት ጣል አድርገውበት በሁለት እጅ ያንሱት። ምንቃሩን አይፍሩ፤ የሚጎዳው ጥፍሩ ነው። ከወንድሞቹ ጋር ጎጆው ውስጥ ያስቀምጡት። እጅዎ እዚያ ካልደረሰ ቅርጫቱ ይበቃዋል። መሰላሉን አንስተው፣ ድመቱን አስወጥተው ይሂዱ። ባትሪ እያበሩ አይመላለሱባቸው። «የሰው እጅ የነካውን ትጥለዋለች» የሚባለው ውሸት ነው። ክንፉ ከተንጠለጠለ ወይም ደም ካለው ግን ወደ እንስሳት ጤና ባለሙያ ይውሰዱት።

ደግሞ ሊወድቅ ይችላል፤ ደግመው ያንሱት። ከወጋግራው ተነስቶ ኩበት ክምሩ ላይ በደረቱ የሚያርፍበት ቀን ሩቅ አይደለም። በደረቱ ካረፈ በኋላ ማንም እንዳላየው ሰው ዙሪያውን ሲቃኝ ቢያዩት ይስቃሉ። ከበረሩም በኋላ ለጥቂት ሳምንታት ቀን ቀን እየተመለሱ እዚያው ይተኛሉ፤ እናትየውም ትመግባቸዋለች።

አሁን ትንሽ ልቆጣዎት። መርዙ አልጠቀመኝም ይላሉ፤ በየሄድኩበት የምሰማው ይህንኑ ነው። በመርዝ አይጡ ሳያልቅ አይጥ አዳኙ ያልቃል። ብዙው የአይጥ መርዝ ወዲያው አይገድልም፤ አይጡ እየተንገዳገደ ይቆያል። ጉጉቷ ደግሞ ቀድማ የምታነሳው የሚንገዳገደውን ነው። ይዛው ወደ ልጆቿ ትገባለች። የእርስዎ ሦስቱም እስካሁን መትረፋቸው አላህ ጠብቋቸው ነው። የቀረውን ዛሬውኑ ከእህል ቤቱ ያውጡት፤ ሕፃን የማይደርስበት ያድርጉት። የሞተ አይጥ ካገኙ ጥልቅ አድርገው ይቅበሩ።

ከጎረቤትዎ ጋር ስለ ሟርቱ አይከራከሩ፤ ያንን ጥቁር ድብልብል ይፍቱላቸውና የአይጡን ጥርስ ያሳዩአቸው። ቅርጫቱን ግን ዛሬ ከመግሪብ በፊት ይስቀሉት። ልጁ ከጠዋት ጀምሮ አልበላም።