እናቴ አንድ ቀን «እሺ»፣ በማግስቱ «አልፈልግም» ትላለች፤ የቱን ቃሏን ልያዝ?

ጥያቄ፦ እናቴ 74 ዓመቷ ነው። የመርሳት በሽታ እንዳለባት ከተነገረን ሁለት ዓመት ሆነ። የምንኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። በቅርቡ ምኒልክ ሆስፒታል አሳይተናት ሁለቱም ዓይኗ ላይ ሞራ ስላለ ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋታል ተባልን። ስነግራት አንድ ቀን «እሺ ልጄ» ትላለች፣ በማግስቱ «ዓይኔን አላስነካም» ትላለች። ውጭ ያለው ወንድሜ «እሷን ምን ትጠይቂያታለሽ፣ ጠበል እንሄዳለን ብለሽ ይዘሻት ሂጂ» ይለኛል። ምን ላድርግ? — ሰ.

መልስ፦ እህቴ፣ ጠበል ብለው አይውሰዷቸው። ውሸቱ ነውር ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ ሥራውም አይሆንም። የሞራ ቀዶ ሕክምና አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው ዓይኑን ብቻ አደንዝዞ ነው። እናትዎ ነቅተው፣ ፊታቸው በጨርቅ ተሸፍኖ፣ ሳይንቀሳቀሱ መተኛት አለባቸው። ጠበል የመጡ መስሏቸው ሳለ የማያውቁት ሰው ፊታቸውን ሲሸፍንባቸው ምን እንደሚሰማቸው ያስቡት። ሙሉ ማደንዘዣም አለ፤ ነገር ግን የመርሳት በሽታ ያለበትን ሰው ለቀናት ይበልጥ ሊያምታታው ይችላል። ከዚያ በኋላ ደግሞ ለሳምንታት ዓይናቸው ላይ ጠብታ የሚያደርጉት እርስዎ ነዎት። የሆነውን ነገር ቢረሱትም ፍርሃቱ ግን አብሯቸው ሊቆይ ይችላል።

ከዓመታት በፊት አንድ አባትን ልጃቸው ይዟቸው መጣ። «የደም ግፊት መድኃኒቱን እምቢ አሉ፤ ነገሩ ሁሉ ጠፍቶባቸዋል» አለኝ። አባትን የጠየቅኩትን ሁሉ የሚመልሰው እሱ ነበር። እሳቸው የጋቢያቸውን ጥለት በጣታቸው እየዳሰሱ ዝም ብለዋል። ወንበሬን አስጠጋሁና «አባባ፣ ኪኒኑ ምን አደረገዎት?» አልኳቸው። ቆዩ። ልጁ ሊመልስ ሲል በእጄ ምልክት ሰጠሁት። «ሌሊት ያስነሳኛል» አሉ። «ሽንት ቤቱ ግቢው ጥግ ነው። ጨለማ ነው። ውሻ አለ።» መድኃኒቱ ሽንት የሚያበዛ ነበር፤ የሚሰጧቸው ደግሞ ማታ ማታ። ወደ ጠዋት አዞርነው፣ መውሰድ ጀመሩ። ቀኑንና ወሩን የማያውቁ ሰው ነበሩ። እምቢ ያሉበትን ምክንያት ግን አሳምረው ያውቁት ነበር።

ስለዚህ እናትዎ «ዓይኔን አላስነካም» ሲሉ «ለምን እማዬ?» ይበሏቸው። ምናልባት ድሮ ታክማ ዓይኗ የጠፋ ጎረቤት ያውቁ ይሆናል። ምናልባት ሆስፒታል የሚያድሩ መስሏቸው ይሆናል፤ ብዙ ሰው እኮ በዚያው ቀን ወደ ቤቱ ይመለሳል። ወይም ልጄን ለወጪ እዳርጋታለሁ ብለው ሰግተው ይሆናል። ለእያንዳንዱ ስጋት መልስ አለ። መጀመሪያ ግን ስጋቱ መሰማት አለበት።

አጠያየቁም ወሳኝ ነው። የመርሳት በሽታ ያለበት ሰው ብዙ ጊዜ አመሻሽ ላይ ይበልጥ ይምታታበታል። ጠዋት፣ ቁርስ በልተው፣ ቡናው ሲፈላ ጥሩ ሰዓት ነው፤ ጎረቤት ሳይሰበሰብ ግን። ቴሌቪዥኑን ያጥፉ። ፊት ለፊት ይቀመጡ፣ እጃቸውን ይያዙ። «ቀዶ ሕክምና» የሚለው ቃል ራሱ ስለሚያስፈራ በእሱ አይጀምሩ። «እማዬ፣ ዓይንሽን የጋረደውን ሞራ ሐኪሙ በትንሽ መሣሪያ ያወጣልሻል። ነቅተሽ ነው። እኔ ደጅ ላይ እጠብቅሻለሁ» ይበሉ። ሕክምናው አብዛኛውን ጊዜ ቢሳካም አንዳንዴ ችግር እንደሚያጋጥም አይደብቋቸው። ከዚያ ዝም ይበሉ። አብዛኞቻችን የምንሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ መልሱን አንጠብቅም። ሲመልሱ «እስቲ ምን እንደነገርኩሽ ንገሪኝ» ብለው መረዳታቸውን ይዩ። ከሁለት ሦስት ቀን በኋላ ደግመው ይጠይቁ። መልሱንና ሰዓቱን ደብተር ላይ ይጻፉ። ረጋ ባሉበት ሰዓት ደጋግመው የሚሰጡት መልስ ካለ፣ እሱ ነው ቃላቸው።

አንድ ሰው ስለ ሕክምናው መወሰን ይችላል የምንለው የተነገረውን ሲረዳ፣ እስኪወስን ድረስ በአእምሮው ሲይዘው፣ ጥቅሙንና ጉዳቱን ሲያመዛዝን፣ ፍላጎቱንም በቃል ወይም በምልክት ሲያሳውቅ ነው። በማግስቱ መርሳቱ ብቻውን ውሳኔውን አያፈርሰውም። ደግሞ ለየጉዳዩ ለየብቻ ነው የሚታየው። የቤት ሽያጭ ውል የማይገባቸው እናት፣ ዓይናቸው እንዲታከም ይፈልጉ እንደሆነ ሊነግሩን ይችላሉ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችንም መነሻው ሰው ችሎታ አለው የሚል ግምት ነው። ካርዳቸው ላይ «የመርሳት በሽታ» ተብሎ መጻፉ ብቻ ይህን አይወስድባቸውም።

ተሞክሮም ምንም ካልተረዱ፣ ያኔ ከሐኪሙ ጋር ሆናችሁ ትወስናላችሁ። ያኔም ጥያቄው «እኛ ምን ይሻለናል» ሳይሆን «እሷ ብትችል ምን ትል ነበር» ነው። ዳዊት መድገም፣ ጥጥ መፍተል የሚወዱ ሰው ከነበሩ፣ ስለ ዓይናቸው ምን ይሉ እንደነበር እርስዎ ከኔ በላይ ያውቃሉ። ወንድምዎም በቪዲዮ ይደውልና ራሱ ያናግራቸው። ሩቅ ያለ ልጅ ቢቸኩል ከጭንቀት ነው፤ ፊታቸውን እያየ ቢያወራቸው ይረጋጋል።

የዓይን ሞራ አብዛኛውን ጊዜ ጥቂት ሳምንት ይታገሳል። ወራት ግን አያሳልፉ፤ በደንብ አለማየት መምታታትን ያባብሳል፣ ሦስት ፎቅ ደረጃም አለባችሁ። አንድ ነገር ደግሞ ልብ ይበሉ። በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ድንገት ከወትሮው በጣም ከተምታታባቸው፣ በሽታው ባሰ ብለው አይተዉት። የሽንት ኢንፌክሽን፣ የሳንባ ምች ወይም አዲስ የጀመሩት መድኃኒት ሊሆን ስለሚችል ቶሎ ያሳዩአቸው።

ለቀጠሮው ሲሄዱ የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ በፌስታል ይያዙ፣ ደብተሩንም አይርሱ። ከሐኪሙ ፊት ያለውን ወንበር ለእናትዎ ይልቀቁላቸው። እርስዎ ጎናቸው ይቀመጡ።