ታላቁ አጋር ሲያፈገፍግ ትንንሾቹ ምን ያደርጋሉ?

ጥያቄ፦ የምሠራው ካዛንቺስ፣ ከአፍሪካ አዳራሽ አቅራቢያ ነው። አሜሪካ ከዓለም ጤና ድርጅት ለመውጣት ከወሰነችና የውጭ ዕርዳታዋን ከቀነሰች ወዲህ በመሥሪያ ቤታችን ክርክሩ አልበረደም። ታላቅ ኃይል ከመሪነት ሲያፈገፍግ፣ በእርሱ የተመኩ ትንንሽ አገሮች ከማዘን ሌላ ምርጫ አላቸውን?

መልስ፦ የተከበሩ አንባቢያችን፣ ምርጫስ አላቸው፤ ዳሩ ግን የመምረጫው ጊዜ አጭር ነው። (ዓመታቱን የጠቀስነው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ብሪታንያ በ1968 መጀመሪያ ጦሯን ከሲንጋፖርና ከማሌዢያ እንደምታስወጣ ስታስታውቅ፣ የጦር ሰፈሮቿ ከሲንጋፖር ኢኮኖሚ አንድ አምስተኛ ያህሉን ይሸፍኑ ነበር። ጠቅላይ ሚኒስትር ሊ ኳን ዩ ለንደን ድረስ ሄደው ቢሟገቱም ውሳኔውን ማስቀልበስ አልቻሉም፤ ያስገኙት ነገር ቢኖር መውጫው ከማርች ወደ ዲሴምበር 1971 እንዲገፋ ማድረግ ብቻ ነበር። መንግሥታቸው ግን ያገኘውን ጊዜ አላባከነም። የሴምባዋንግ የባሕር ኃይል መርከብ መጠገኛ ለንግድ መርከቦች እንዲሠራ ተደረገ፤ አስቀድሞ በ1967 በወጣው ሕግ መሠረትም ወጣቶች ለብሔራዊ ውትድርና ይጠሩ ነበር። በ1971 ደግሞ ሲንጋፖር ከማሌዢያ፣ ከአውስትራሊያ፣ ከኒውዚላንድና ከራሷ ከብሪታንያ ጋር የጋራ መከላከያ ስምምነት ውስጥ ገባች። እኔን ከሁሉ በላይ የሚያስደንቀኝ ይህ የመጨረሻው እርምጃ ነው፤ ከማሌዢያ በቅሬታ ከተለየች ገና ስድስት ዓመቷ ነበርና።

ተቃራኒው መንገድ የታየው በእኛው ጉዳይ ነው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጁን 30 ቀን 1936 በጄኔቫ የመንግሥታት ማኅበር ፊት ቀርበው አቤት ባሉ ማግስት፣ ዴንማርክ፣ ኖርዌይ፣ ሆላንድ፣ ስዊድን፣ ፊንላንድ፣ ስዊዘርላንድና ስፔን የማኅበሩ ቃል ኪዳን በተሟላ ሁኔታ እስካልተፈጸመ ድረስ ማዕቀብን የሚመለከተውን አንቀጽ 16 ሲፈጽሙ ይህንኑ ከግምት እንደሚያስገቡ፣ ማለትም ማዕቀብ የመጣል ግዴታውን እንደ ቀድሞው ሙሉ በሙሉ እንደማይቀበሉት አስታወቁ። ቤልጂየምም በዚያው ዓመት ወደ ገለልተኝነት አዘነበለች። ብሪታንያና ፈረንሳይ ኢትዮጵያን ሲተዉ ማየታቸው ቢያስፈራቸው አይፈረድባቸውም፤ ሆኖም በጦር ረገድ ክንዳቸውን አስተባብረው ከመቆም ይልቅ እያንዳንዳቸው ከጠቡ ገለል በማለት ለመዳን መሞከራቸው ከባድ ስሕተት ነበር ብዬ አምናለሁ። በ1940 ጀርመን በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ዴንማርክን፣ ኖርዌይን፣ ሆላንድንና ቤልጂየምን ወረረች።

ደጋፊ መለወጥም አለ። ደርግ በ1977 አሜሪካኖችን አስመራ ከነበረው የጦር መገናኛ ሰፈራቸው ከቃኘው ጣቢያ አስወጥቶ ወደ ሶቪየት ኅብረት ዞረ፤ ሞስኮ በተራዋ ስታፈገፍግ ያው ጭንቅ ተመለሰበት።

በቅርቡም አሜሪካ በ2017 ከፓስፊክ አገሮች የንግድ ስምምነት ስትወጣ፣ የቀሩት አሥራ አንዱ በጃፓን አስተባባሪነት ስምምነቱን አስተካክለው በ2018 ፈርመዋል። ወደ አህጉራችን ስንመጣ፣ የአፍሪካ ኅብረት መሪዎች በ2016 በኪጋሊ አባል አገሮች ከውጭ በሚያስገቡት ዕቃ ላይ 0.2 በመቶ ቀረጥ ጥለው የኅብረቱን ወጪ እንዲሸፍኑ ወስነው ነበር፤ ብዙዎቹ ግን ሳይተገብሩት ቆይተዋል። በመሥሪያ ቤታችሁ ክርክሩ ሲቀጥል፣ ከዋሽንግተን ውሳኔ ይልቅ ስለዚህ ስላልተከፈለ መዋጮ ብትነጋገሩ እመርጣለሁ።