መልስ፦ ግቢዬ በየክረምቱ ውሃ ይቋጥራል ላልከው

ወንድሜ፣ አዲስ አበባ ያለው ግቢህ ክረምት በመጣ ቁጥር ውሃ እንደሚቋጥርና የሳሎንህ ግድግዳ ከታች መርጠብ እንደጀመረ ጽፈሃል። አዲስ ቱቦ ለመቅበር ከመነሳትህ በፊት ያለውን ፈትሽ። ብዙ ጊዜ ችግሩ መደፈን ነው።

ከአሸንዳው ጀምር። ቅጠልና አፈሩን አውጣ፣ ከዚያ በባልዲ ውሃ አፍስስበትና የት እንደሚቆም እይ። እኛን ያስቸገረን የባሕር ዛፍ ቅጠል ነው፤ ክረምቱን ሙሉ በየሳምንቱ እንጠርጋለን። መውረጃው ግድግዳው ሥር የሚያፈስ ከሆነ ደግሞ በቱቦ እስከ ቦዩ አድርሰው። የአንተም ግድግዳ የሚርሰው ከዚህ ይመስለኛል። በተለይ አፈርህ ዋልካ ከሆነ አትዘግይ። ዋልካ ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ቤቱንም አብሮ ይሰነጥቀዋል።

ቦዩን ግንቦት ላይ፣ ደለሉ ደረቅ ሳለ ዛቀው። ተዳፋቱንም ለካ። በየ1 ሜትሩ ቢያንስ 1 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ካላለ ውሃው ይተኛል። 10 ሜትር ቦይ ከሆነ ጫፉ 10 ሳንቲ ሜትር መውረድ አለበት። ግንበኞች እንደሚያደርጉት ውስጡ የሚታይ የውሃ ጎማ ውስጥ ውሃ ሞልተህ መለካት ትችላለህ፤ ውሃው በሁለቱም ጫፎች እኩል ከፍታ ላይ ስለሚቆም ልዩነቱን ከዚያ ታነባለህ።

አደራህን፣ የዝናቡን ውሃ ከሽንት ቤት መስመር ጋር እንዳታገናኘው። ከባድ ዝናብ ሲመጣ መስመሩ ይሞላና ፍሳሹ ወደ ቤት ይመለሳል። ጎረቤታችን ቤት ደርሶ አይቻለሁ፤ ከነሕፃናቱ በጣም ነው የተቸገሩት።

የዛቅከውንም ደለል ከበር ውጭ ያለው ቦይ ውስጥ አትድፋው። እዚያ ከተደፈነ ውሃው ተመልሶ ወደ አንተው ግቢ ነው የሚገባው።