ፍሳሹን የት ላድርገው? በድሬዳዋና በሐረር በካራቫን፣ በአውቶቡስ ቤትና በኮንቴነር ለሚኖሩ ጥያቄና መልስ

የመንገድ ሥራ ካምፖች ውስጥ የካራቫን ቧንቧ ስዘረጋና ስጠግን ነው የኖርኩት። አሁን ካራቫን ወይም ወደ ቤት የተለወጠ አውቶቡስ ግቢ ውስጥ አቁመው ከሚኖሩ ሰዎች ብዙ ጥያቄ ይደርሰኛል። እንዲህ ያለ መኪና የተሠራው ለጥቂት ቀን ጉዞ ነው፤ ዓመት ሲኖሩበት ፍሳሹ ሌላ አሠራር ይፈልጋል። የደረሱኝን ጥያቄዎች እንደ አመጣጣቸው መልሻለሁ።

ጥያቄ (ከሳቢያን)፦ አቦ ሰላም ነው? አጎቴ ግቢ ውስጥ አሮጌ ቅጥቅጥ አውቶቡስ ቤት አድርገን እኔና ባለቤቴ እንኖራለን። የሽንት ቤቱ ታንከር 120 ሊትር ነው። ብየዳ የሠራልን ልጅ «ጉድጓድ ቆፍራችሁ ድንጋይ ሙሉበትና ልቀቁት፣ የድሬ አሸዋ ሁሉን ይውጣል» አለን። እውነት ነው?

መልስ፦ መዋጡን ይውጣል። ችግሩ የዋጠውን የሚያደርስበት ቦታ ነው። ድሬዳዋ የምትጠጣው የከርሰ ምድር ውሃ ነው፤ ሳቢያን ደግሞ የከተማዋ የውሃ ጉድጓዶች ካሉባቸው ሰፈሮች አንዱ ነው። አሸዋው ደረቁን ነገርና ብዙውን ጀርም አጣርቶ ያስቀራል፤ ከሽንት የሚመጣው ናይትሮጅን ግን ወደ ናይትሬት ተለውጦ ከውሃው ጋር ይወርዳል። በከተማችን ጉድጓዶች ውስጥ ናይትሬት ከፍ ብሎ መገኘቱ በጥናት የታወቀ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው ወሰን በሊትር 50 ሚሊግራም ነው። ከዚያ ሲያልፍ መጀመሪያ የሚጎዳው በጡጦ ዱቄት ወተት የሚጠጣ ጨቅላ ነው፤ ደሙ ኦክስጅን መሸከም ያቅተዋል፣ ከንፈሩና ጥፍሩ ይጠቁራል። ውሃውን ማፍላት ደግሞ አይረዳም። ውሃው ሲተን ናይትሬቱ ስለሚቀር ይባስ ይወፍራል።

ስለዚህ የሽንት ቤቱ ፍሳሽ አፈር እንዳይነካ አድርጉ። አንድ መኪና ምን ያመጣል የሚል አለ፤ አብዛኛው ቤት በጉድጓድ በሚጠቀምበት ከተማ ግን ሁሉም እንዲያ ብሎ ነው እዚህ የደረስነው።

ጥያቄ (እኚሁ ሰው)፦ እሺ ገባኝ። ግን የፍሳሽ መጣጭ መኪና ለ120 ሊትር አይመጣልኝም። ደውዬ ሳቁብኝ።

መልስ፦ ልክ ነህ፤ ለ120 ሊትር ማንም ጎማ አያዞርም። መፍትሔው መጠኑን አጠራቅሞ መጥራት ነው። ሂሳቡን እንሥራው። ሁለት ሰው በካራቫን ሽንት ቤት ቆጥቦ ሲጠቀም፣ ማፍሰሻውንም ጨምሮ፣ በቀን 20 ሊትር ገደማ ይሞላል። የአንተ ታንከር 6 ቀን ይበቃዋል ማለት ነው። 2 ሺህ ሊትር የሚይዝ ዝግ ማጠራቀሚያ ብትሠራ 100 ቀን ገደማ ይወስድብሃል፤ በዓመት ሦስት አራት ጊዜ ብቻ ትጠራለህ።

ማጠራቀሚያው በቡልኬት ተሠርቶ ወለሉም ግድግዳውም በሲሚንቶ በደንብ የተለሰነ ይሁን። ሮቶ መቅበር የሚያምራቸው አሉ። መሬት ላይ ለመቀመጥ የተሠራ ሮቶ ባዶውን ሲሆን የአፈሩ ግፊት ያጣምመዋል፤ ከቀበርከው ዙሪያውን ግንብ ያስፈልገዋል። ክዳኑ ላይ መጣጩ መምጠጫ ጎማውን የሚያስገባበት መክፈቻና አንድ የአየር ቱቦ ተው። ቦታውንም መኪናው ቀርቦ ሊቆምበት ከሚችለው አጥር አጠገብ ምረጥ፤ ብዙ ሰው ይህን የሚያስበው ከቆፈረ በኋላ ነው።

አጎትህ ሴፕቲክ አለን ካሉ ደግሞ ከማገናኘትህ በፊት ክዳኑን አስከፍተህ እይ። ብዙው «ሴፕቲክ» የሚባለው ታቹ ያልተለሰነ፣ በድንጋይ ብቻ የተካበ ጉድጓድ ነው። በትክክል የተሠራ ሴፕቲክም ቢሆን ደረቁን ያስቀራል እንጂ ናይትሬቱን አያስቀርም። በዝግ ማጠራቀሚያ የሙጥኝ የምለው ለዚህ ነው።

ጥያቄ (ከከዚራ)፦ ካራቫናችን ቆሞ ስለሚኖር የሽንት ቤቱን ሳራቺኔስካ (የታንከሩን መክፈቻና መዝጊያ) ክፍት አድርገን ተውነው፣ በየጊዜው ከመክፈት ይሻላል ብለን። አሁን ውሃው አይወርድም።

መልስ፦ ክፍት ሲሆን ፈሳሹ ወዲያው ይሄዳል፣ ደረቁና ሶፍቱ ከመቀመጫው ሥር ይቀራል። በዚህ ሙቀት ደግሞ እንደ ጡብ ይደርቃል። አሁን ሳራቺኔስካውን ዝጉና ታንከሩን እስከ ግማሽ ውሃ ሙሉት፣ ትንሽ ላርጎ ጨምሩበት፣ አንድ ሁለት ቀን ይንከር። ከዚያ በአንዴ ክፈቱት። አንድ ጊዜ ካልበቃ ድገሙት። በብረት አትውጉት፤ የታንከሩ ፕላስቲክ ስስ ነው።

ከዚህ በኋላ ሳራቺኔስካው ሁልጊዜ ዝግ ይሁን። ሁለት ሦስተኛው ሲሞላ ነው የሚከፈተው፤ ደረቁን ጠርጎ የሚወስደው የውሃው ብዛት ነው። መጀመሪያ የሽንት ቤቱን፣ ቀጥሎ የእጣቢውን ታንከር ልቀቁ፤ እጣቢው ጎማውን ያጥብላችኋል። ባዶው ታንከር ውስጥ ጥቂት ሊትር ውሃ ጨምራችሁ ጀምሩ። እርጥብ መጥረጊያና ሞዴስ በፍጹም አይግቡ።

ጥያቄ፦ ቀትር ላይ ሽታው ቤት ውስጥ ያፍናል። መድኃኒት አለው?

መልስ፦ መድኃኒት ከመግዛትህ በፊት ሲፎኖቹን እይ። ከመታጠቢያውና ከሻወሩ ሥር ያለው የታጠፈ ቱቦ ውሃ ይዞ ሽታውን ይዘጋል። የድሬ ግንቦትና ሰኔ ያንን ውሃ በጥቂት ቀን ያደርቀዋል፤ በተለይ ሻወሩን ካልተጠቀምክበት። አንድ ኩባያ ውሃ ጨምርበት። ለቀናት ከቤት የምትወጣ ከሆነ ላዩ ላይ አንድ ማንኪያ የምግብ ዘይት አድርግበት፤ መትነኑን ያዘገየዋል። ሁለተኛ፣ ጣሪያ ላይ የሚወጣው የአየር ቱቦ በአቧራ ወይም በወፍ ጎጆ አለመዘጋቱን እይ። ሦስተኛ፣ ታንከሩን አጥላበት። ፀሐይ የሚመታው ታንከር ይሸታል፤ ፕላስቲኩም ቶሎ ይሰነጠቃል። ሰሌን ወይም ቆርቆሮ ይበቃል።

ሰማያዊውን የታንከር ኬሚካል ከውጭ የሚያስመጡ አሉ። ፎርማልዲሃይድ ያለበትን አትግዛ፤ ሽታውን የሚገድለው ባክቴሪያውን በመግደል ነው፣ ሴፕቲክ ውስጥ ሲገባም እዚያ ያለውን ሠራተኛ ባክቴሪያ ይገድላል።

ጥያቄ፦ በረኪና ብጨምርበትስ?

መልስ፦ አይሆንም። የሳራቺኔስካውን ጎማ ይበላል፣ ከሽንት ጋር ሲገናኝም ሳንባ የሚያቃጥል ጋዝ ያወጣል። ከአሲድ ጋር ከቀላቀልከውማ ክሎሪን ነው የሚወጣው፤ በጠባብ መኪና ውስጥ ሰው ይገድላል።

ጥያቄ (ከገንደ ቆሬ)፦ እኔ ኮንቴነር ቤት ውስጥ ነኝ፣ ለሽያጭ ሳምቡሳ እሠራለሁ። የዕቃ እጣቢውን ፓፓያዬ ሥር እደፋለሁ። መጀመሪያ ጥሩ ነበር፣ አሁን አፈሩ ውሃ አይጠጣም፣ ትንኙም በዛ።

መልስ፦ እህቴ፣ እጣቢን ለዛፍ ማሰብሽ ትክክል ነው፤ ውሃ ውድ በሆነበት አገር እጣቢን ከሽንት ቤት ጋር ቀላቅሎ ማባከን ያሳዝነኛል። አፈርሽን የደፈነው ዘይቱ ነው። ድስቱን ከማጠብሽ በፊት በወረቀት ወይም በደረቅ እንጀራ ጥረጊው፤ የተረፈውን የመጥበሻ ዘይት በጠርሙስ አጠራቅሚ። ከዚያ እጣቢው በአንድ ባልዲ በኩል ይለፍ፦ ዘይቱ ከላይ ይሰፍፋል፣ ውሃው አፉ ከዘይቱ በታች፣ በባልዲው መሐል በሆነ ቱቦ ይወጣል። ላዩን በየሳምንቱ ጭለፊው። ዱቄት ሳሙና ሶዲየም ስለሚበዛበት አፈር ያደድራል፤ የኦሞውን ውሃ ሁልጊዜ አንድ ዛፍ ላይ አትድፊ፣ አፈራርቂ።

ውሃው የሚወርድበትን ቦታ ከግንዱ ራቅ አድርገሽ ዙሪያውን ቆፍሪና በገለባ፣ በጭድ ወይም በሰጋቱራ ሙዪው። ውሃው ከዚያ ሥር ይግባ፣ ላዩ ላይ አይታይ። የትንኙ መልስም ይሄው ነው። በ2011 ዓ.ም. ክረምት በትንኝ የሚተላለፈው የቺኩንጉንያ በሽታ ድሬን እንዴት እንዳስተኛት አንቺም ታስታውሺያለሽ፣ ደንጊም አልተወንም። የእነዚህ ትንኝ ንጹሕ የተጠራቀመ ውሃ ይወዳል፤ አኖፌሊስ ስቴፈንሲ የምትባለው ከውጭ የገባች የወባ ትንኝም በርሜልና ሮቶ ውስጥ ትራባለች። ቆሻሻ እጣቢ ላይ የሚራባው ሌላ ዓይነት ነው፣ እሱም ይነክሳል። ስለዚህ የመጠጡ ሮቶ ክዳንና ወንፊት ይኑረው፣ የአየር ቱቦዎችሽ ጫፍ ላይም ወንፊት እሰሪ፣ ዘይቱን ከሚለየው ባልዲ በቀርም እጣቢ ከአንድ ቀን በላይ አታሳድሪ። ፓፓያና ሙዝ ይጠጡት፤ ጥሬውን የሚበላ ሰላጣና ቆስጣ ግን አይጠጣም።

ጥያቄ፦ ውሃ የማይፈልግ፣ ሽንትን ለብቻ የሚለይ ደረቅ ሽንት ቤት መግጠም ፈልጌ ነበር። ግን እኛ ቤት ሁሉም በውሃ ነው የሚታጠበው።

መልስ፦ ጥሩ ጥያቄ ነው፤ የውጭዎቹ መመሪያዎች ይህን አይነኩም። ደረቁ ክፍል ውሃ ከገባበት ይሸታል፣ ትል ያፈራል። መታጠቢያውን ለይ፦ ከመቀመጫው ጎን ትንሽ ሳፋ ግጠም፣ እሱ ወደ ዝጉ ማጠራቀሚያ ይሂድ። ያ ውሃ ዓይነ ምድር ስለነካው ለዛፍ አይሆንም። የውዱእ ውሃ ግን ከእጣቢ ሁሉ ንጹሑ ነው፤ በቀጥታ ለዛፍ ስጠው።

ደረቁ ላይ በየጊዜው አመድ ወይም ሰጋቱራ ይነስነስ። ሲሞላ ዝግ አድርጎ ማስቀመጥ ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት ከ20 እስከ 35 ዲግሪ ባለ ቦታ ከአንድ ዓመት በላይ ይላል። የወስፋት እንቁላል ቶሎ አይሞትም፣ አታሳጥረው። ሽንቱ በዝግ ጀሪካን ይያዝ፤ ማዳበሪያ ለማድረግ ወር ያህል ይቆይ፣ በውሃ ይቅጠን፣ ለራስ ቤት ዛፍ ብቻ ይዋል።

ጥያቄ (ከሐረር፣ ከጀጎል ውጭ)፦ እዚህ ውሃ በፈረቃ ነው። ለሽንት ቤት የሚሆን ከየት ላምጣ?

መልስ፦ የሻወሩን ውሃ ያዘው። በጨርቅ አጣርተህ በባልዲ ያዝና በዚያው ቀን ሽንት ቤቱን አፍስስበት፤ የመኪናው ፓምፕ ውስጥ ግን አታስገባው፣ ፀጉርና ሳሙና ይደፍነዋል። ሐረር ከድሬ ቀዝቀዝ ስለምትል ሽታው ይቀልልሃል፣ ደረቁ ግን ቀስ ብሎ ነው የሚበሰብሰው። አንድ ነገር ልጨምርልህ፦ ሐሮማያ ሐይቅ ሲደርቅ የሐረር ውሃ ቆላው ላይ ካሉት የድሬ ጃራ ጉድጓዶች ተገፍቶ መውጣት ጀመረ። የቆላው ከርሰ ምድር የናንተም ነው።

ጥያቄ (ከመልካ ጀብዱ)፦ ክረምት ላይ ደቻቱ ወንዝ ሲሞላ ፍሳሹን ብለቀው ምን ይላል? ጎርፉ ሁሉን ይጠርገዋል።

መልስ፦ ወንድሜ፣ በፍጹም። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ደቻቱ በሌሊት መጥቶ ከ200 በላይ ሰው ወስዷል። ሲሞላ ወደ ዳሩ የሚጠጋ ሰው ራሱን አደጋ ላይ ይጥላል። ደርቆ ሲውል ደግሞ ሰው የሚሻገርበት፣ ልጆች ኳስ የሚጫወቱበት አሸዋ ነው፤ ጎርፉ የሚያልፈውም ከታች ባሉ ሰዎች ማሳና ጉድጓድ አጠገብ ነው። ታንከርህን ለመጣጭ መኪና ስጥ። ሹፌሩንም የት እንደሚደፋው ጠይቀው፤ ጫካ ከደፋው ያንተ ጥንቃቄ ከንቱ ነው።

ጥያቄ፦ ማጠራቀሚያው ከተመጠጠ በኋላ ታቹ ላይ ደለል ቀረ። ልጅ አስገብቼ ላስጠርገው?

መልስ፦ ማንንም እንዳታስገባ! ባዶ ቢመስልም ውስጡ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ አለ። መጠኑ ሲበዛ አፍንጫ ማሽተት ያቆማል፤ ሰውየው ሽታው ጠፋ ብሎ ሲገባ ይወድቃል፣ ሊያወጣው የገባውም ከላዩ ይወድቃል። ሁለት ሦስት ሰው በአንድ ጉድጓድ የሚያልቀው እንዲህ ነው። ከላይ ሆነህ በረጅም እንጨት በጥብጠው፣ ውሃ ጨምርበትና መጣጩ ድጋሚ ይሳበው። ክብሪትና ሲጋራም አይቅረብ፣ ሚቴን ይቀጣጠላል።

ጥያቄ፦ የፍሳሽ ጎማው ስፋት ስንት ይሁን?

መልስ፦ 3 ኢንች፣ በየሜትሩ 2 ሴንቲሜትር እየወረደ፣ መሐሉ ሳይረግብ። ቀለሙ ከመጠጥ ውሃ ጎማህ የተለየ ይሁን፤ ሁለቱን በአንድ ሳጥን አታስቀምጥ።